«መጣሁ» ብሎ የሄደ ሰው

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ሱሪ የማሳጥርበት ልብስ ሰፊ አለ። ከሱቁ ሲወጣ በሩ ላይ አንድ ካርቶን ያንጠለጥላል። የተጻፈበት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «መጣሁ»። ሰውየው ገና መሄዱ ነው እኮ! አማርኛችን ግን እንዲህ ነው፤ ልንሄድ ስንነሳ «መጣሁ» እንላለን። አንድ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ጠብቄው ሲመለስ ተቆጣሁ። «መጣሁ ብዬህ የለ?» አለኝ። ምን ልበለው? ሳቄ መጣ።

ያ ካርቶን፣ ፈቃድ ስንወጣ ኢሜይላችን በራሱ ከሚልከው መልስ ይሻላል ባይ ነኝ። የእኛ መልስ ምን ይላል? ስለ ኢሜይልዎ እናመሰግናለን፣ በአሁኑ ሰዓት ከቢሮ ውጪ ነኝ፣ አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎት በስልኬ ይደውሉ። እሱም በእንግሊዝኛ፣ እሱም ከባልደረባ የተገለበጠ።

በተለይ «አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎት» የምትለዋ ታናድደኛለች። አስቸኳይ ያልሆነ ጉዳይ ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ መጥራት የሚቻለውም ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም ነው ይላል። እኛ ግን ማንም ሳይጠይቀን ስልካችንን ጽፈን እንሄዳለን።

እኔ የምሠራው ትራንዚት ነው፤ የደንበኛን ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ ማስወጣት። ከጅቡቲ ሰዎች ጋር ስንጻጻፍ ነው የምንውለው። እነሱ አርብ ያርፋሉ፣ እኛ እሑድ። ካቻምና ለቁልቢ ገብርኤል ፈቃድ ስወጣ ሰው ላስቅ ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲህ ጻፍኩ፦ «ስለት ልከፍል ቁልቢ ሄጃለሁ። የተሳልኩት ኢሜይል እንዲቀንስልኝ ነበር። የቀነሰው ትንሽ ስለሆነ የምከፍለውም ግማሹን ነው። 21/4 እመለሳለሁ።»

ስመለስ ሂሳብ ክፍል ያሉ እናታችን ጠብቀው ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ በስለት ይቀለዳል? ደግሞ ግማሽ ስለት የት አገር ነው ያለው?» እውነታቸውን ነው። በራሴ የቀለድኩ መስሎኝ ጥላና ጧፍ ይዞ ዳገቱን በእግሩ በሚወጣው ሰው ነበር የቀለድኩት።

ከጅቡቲ የመጣው መልስ ግን ሌላ ነው። «አራት ወር ፈቃድ! እናንተ ጋ ክፍት የሥራ ቦታ አለ?» ይላል። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለእኔ 21/4 ታኅሣሥ 21 ነው፤ ለእሱ አፕሪል 21። ሁለት ሰዓት ተጨንቄ በጻፍኩት ቀልድ ማንም አልሳቀም። ሳላስብ በጻፍኩት ቀን ግን ጅቡቲ ያለው ቢሮ በሙሉ ሳቀ። አንድ ደንበኛ ብቻ አልሳቀም። ዕቃው ወደብ ላይ ነበርና፣ ፋይሉን ለሌላ ትራንዚተር ሊሰጥ ሲል ነው ለጥቂት የደረስንበት።

ታዲያ ቀልድ ይቅር? አይቅር። ግን ቀኑና የሚተካችሁ ሰው ይቅደም፤ ቀኑንም ለውጭ ሰው የወሩን ስም በፊደል ጽፋችሁ ስጡት። አውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ሰውና ለውጭ ሰው ሁለት የተለያየ መልስ ማስቀመጥ ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን አይነካውም። ቀልዱ ለሚያውቁን፣ ደረቁ ለማያውቁን። ጂሜይል በበኩሉ ያው ሰው ደጋግሞ ቢጽፍላችሁም በ4 ቀን አንዴ ብቻ ነው የሚመልስለት። ደግ አደረገ፤ አንድ ቀልድ በቀን አምስት ጊዜ ሲመጣ ስድብ ነው።

ደግሞ ቀልዱ የሰፈር ይሁን። ከኢንተርኔት የተገለበጠ «ባሕር ዳርቻ ኮክቴል እየጠጣሁ ነው» ለድሬ ሰው ምኑ ነው? እኛ ፀሐይ አለችን። «ከ6 እስከ 9 ሰዓት የላካችሁትን ፀሐይ ናት የምታነበው» ብትሉ ከዚራም ሳቢያንም ያለ ሰው ይገባዋል። አንድ ጓደኛዬ «ከ8 ሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነኝ» ብዬ ልጻፍ ወይ ብሎ አማከረኝ። አቦ፣ እሱ ቀልድ አይደለም፣ መረጃ ነው አልኩት።

ለዘንድሮ ፈቃዴ ለውጭ ሰዎች ዲሴምበር 30 እንደምገባና የምትተካኝን ልጅ ኢሜይል ብቻ ጻፍኩ። ለቢሮ ሰው ደግሞ ይቺን፦ «እስከ ታኅሣሥ 21 የለሁም። ፋይሎቼ እሷ ጋ ናቸው። ከእኔ ትፈጥናለች፤ ለአለቃችን እንዳትነግሩብኝ። መጣሁ።»

ከመውጣቴ በፊት ለሂሳብ ክፍሏ እናታችን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። «የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ትበቃ ነበር» አሉኝ።