ብሎኩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ማስረጃው

ባሕር ዳር ላይ፣ ፔዳ አካባቢም ሆነ ሐይቁ ዳር፣ ስልኩን ይዞ በኦንላይን የተኩስ ጌም ስኳዱን (አብሮት የሚጫወተውን ቡድን) የሚጠብቅ ወጣት በሌላ ተጫዋች ሲሰደብ ከጓደኞቹ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ብሎክ አድርገውና ተገላገል»። ለተራ አፈ ልቅ ምክሩ ይበቃል፤ እንዲያውም በፐብጂ ሞባይል የሰውየውን ድምፅ ብቻ መዝጋት ይቻላል፣ ዙሩ ሲያልቅ እሱም አብሮ ይረሳል። ለሚዝት፣ ለሚከታተል፣ «ሠፈርህን አውቀዋለሁ» ለሚል ሰው ግን ብሎክ መጨረሻ ላይ የሚጫን ቁልፍ ነው፤ መጀመሪያ ማስረጃ ይያዛል።

ብሎክ የሚያርፈው አካውንቱ ላይ እንጂ ሰውየው ላይ አይደለም። ጌም ቤት ውስጥ አንድ አካውንት በብዙ እጅ ከዞረ ማታ የተሳደበው ሌላ፣ ጧት ብሎክ የሚበላው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስምም አያስተማምንም፤ በፐብጂም፣ እሱን በሚመስለው ጌም በፍሪ ፋየርም የስም መቀየሪያ ካርድ አለ። ካርዱ የማይነካው ፕሮፋይሉ ላይ ያለውን የአይዲ ቁጥር ነው። ለማስረጃ የተነሣው ስክሪንሾት ያንን ቁጥር ካላሳየ ከስድቡ በስተቀር የያዘው ነገር የለም።

ስኳድ በቴሌግራም ስለሚጠራራ ጠቡም ወደዚያው ይከተላል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል ቻት አንደኛው ወገን መልእክቶቹን፣ የቆዩትንም ጭምር፣ ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ማታ የዛተ ጧት ንጹሕ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ መልስ ከመስጠት በፊት ስክሪንሾት፣ ቀኑና የተጠቃሚ ስሙ እየታየ። ብሎክ የተደረገ ሰው በጋራ ግሩፕ የሚጽፈው ግን አሁንም ይታያል፤ ከዚያ የሚያስወጣው አድሚኑ ነው። «እናንተው ተስማሙ» የሚል አድሚን፣ በእኔ እምነት፣ ከተሳዳቢው ጎን ቆሟል። በነገራችን ላይ፣ ስልክ ቁጥርን ከማንም መደበቅና ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባኝ የሚችለው ኮንታክቴ ብቻ ነው ማለት ሁለቱም ፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ ናቸው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከባዱ የድምፅ ስድብ ነው። አንድሮይድ 11 ከራሱ ስክሪን ሪከርደር ጋር ነው የመጣው፤ ሪከርዱ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ ተኩሱ አለ፣ ተሳዳቢው የለም። አንድሮይድ የቮይስ ቻትን ድምፅ ሌላ አፕ እንዳይቀዳው ስለሚከለክል ነው። የሚሠራው ዘዴ ኋላቀር ነው፦ ኢርፎኑን ነቅሎ በስፒከር መልቀቅና በጓደኛ ስልክ መቅዳት።

ለጌሙ ድርጅት ሪፖርት ሲጻፍ ሰዓት ያሳስታል። የእኛ ማታ 3 ሰዓት በስልኩ 21:00፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ደግሞ 18:00 ነው፤ ዝም ብሎ 3 ብሎ የጻፈ ሰው ሪፖርቱን የሚያየውን ባለሙያ የተሳሳተ ጨዋታ ውስጥ ያስሰዋል። ስድቡ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ከሆነም ትርጉሙን በአንድ መስመር እንግሊዝኛ ማከል ያስፈልጋል፤ «እናትህን» የሚለው ቃል ምን እንደሚሸከም ሌላ አገር ያለ አንባቢ ከየት ያውቃል?

ዛቻ ከሆነ ነገሩ ከጨዋታ ይወጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት በሰው ወይም በቤተሰቡ ላይ ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ ማስፈራራትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከበድ ሲል እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ወደ ፖሊስ የሚኬደው ቻቱ ሳይሰረዝ፣ ስልኩን ራሱን ይዞ ነው፤ ዳር ዳሩ የተቆረጠ ምስል ብቻውን ጥያቄ ያስነሣል።

ብሎክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አይዲውን ማስታወሻ ላይ አስፍሮ፣ ያንኑ ቁጥር ለስኳዱ አባላት በሙሉ ልኮ፣ ከዚያ ብሎክ።