እረኝነትም ትምህርት ነበረው
ስለ ገጠር ልጅነት በወጣው ጽሑፍ ላይ የሰፈረው «በ1970ዎቹ የገጠር ልጅ ከከብቱ ጭራ በቀር የሚያውቀው አልነበረም» የሚለው አባባል ጎጃም ገጠር ውስጥ ላደግን ሰዎች እውነት አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በመንደራችን ፊደል የቆጠሩት ከቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ጥቂት ወንዶች ነበሩ፤ ከዘመቻው በኋላ ግን እናቴ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ከእኔ ጎን ተቀምጣ ስሟን መጻፍ ስትለማመድ በዓይኔ አይቻለሁ። እረኝነቱም ቢሆን ዕውቀት ይጠይቅ ነበር፤ ጤዛው ያልረገፈለት ማገጥ የሚባለው የግጦሽ ተክል ከብቱን እንደሚነፋ፣ ጥላን በእግር ጫማ ለክቶ ከብቱ ውኃ የሚወርድበትን ሰዓት ማወቅ፣ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ሆኖ ወፉን በወንጭፍ መከላከል፣ ይህን ሁሉ ታላላቆቻችን እየተቆጡም እያሳዩም አስተምረውናል። በዚያው ጽሑፍ ላይ «ልጅነታችን ደስታ ብቻ ነበር» ያሉት ሌላ አስተያየት ሰጪ ደግሞ እኅቶቻችንን የዘነጉ ይመስለኛል፤ እኛ ወንዶቹ ሜዳ ላይ ስንራገጥ እነርሱ ገና ሳይነጋ እንስራ አዝለው ወንዝ ይወርዱ ነበር፣ ፊደል ከጀመሩትም መካከል ብዙዎቹ በልጅነታቸው ስለተዳሩ ትምህርቱን አቋርጠዋል።