ለሌለ ሰው መኪና ስንመርጥ

ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። እስካሁን በእጄ ያለው አንድ ባለታሪክ፣ ሁለት ምዕራፍና ከሚያስፈልገኝ በላይ የሆነ አማካሪ ነው። ባለታሪኬ አሜሪካዊ ጡረተኛ ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ዙሪያዋን በዲትሮይት በተከበበችው በሃምትራምክ ከተማ፣ በዶጅ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና በር ሲገጥም የኖረ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ውሻ አለው። ስም ገና አላወጣሁለትም። ስም ሳይወጣለት መኪና ይውጣለት ብዬ ጉዳዩን የቅዳሜ ቡና ላይ ያነሳሁት እኔው ራሴ ስለሆንኩ፣ ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ተጠያቂ የማደርገው ሰው የለኝም።

«የድሮ የአሜሪካ መኪና እፈልግለታለሁ፤ ከእነዚያ ማስል ካር ከሚባሉት፣ መካከለኛ አካል ላይ ግዙፍ ሞተር ከተገጠመላቸው ጡንቻማዎች» አልኩ። አቦሉ ገና እየተቀዳ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ጉባኤተኞቹን ላስተዋውቃችሁ። የምንሰበሰበው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በእትዬ ቤት ነው። ጋሼ ዋሽንግተን ላይ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አንደኛው ወዳጄ የፓርኪንግ ሠራተኛ ስለሆነ በቀን ሁለት መቶ የሰው መኪና፣ እያንዳንዱን ሰማንያ ሜትር ያህል ይነዳል። ሌላው መካኒክ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ነርስ ናት። ከሕንጻው በታች የቆሙት መኪኖቻችን ሦስት ኮሮላና አንድ ካምሪ ናቸው፤ ቀለማቸውም ነጭ፣ ብርማ፣ ብርማና ነጭ ነው። እነዚህ ሰዎች በጋሎን የአሥር ሳንቲም ልዩነት አለ ብለው ከዋሽንግተን ድልድይ ተሻግረው ቨርጂኒያ ነዳጅ የሚሞሉ፣ ቀይ መብራት ከሩቅ ሲያዩ እግራቸውን ከቤንዚን አንስተው መኪናውን በራሱ ጊዜ የሚያንከባልሉ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ጋሼ ስኒያቸውን ረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀመጡና፣ የሽምግልና ቃል እንደሚሰጥ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጂ ቲ ኦ» አሉ። «የ1964ቱ ፖንቲያክ። ሌላው ሁሉ ከእሱ ወዲህ የመጣ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ጂ ቲ ኦ የተወለደው በብልሃት ነው፤ ብልሃት የሚለውን ቃል የመረጥኩት ጋሼ ያነቡታል ብዬ ነው እንጂ በተንኮል ብል ይቀርባል። የፖንቲያክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ በዚያን ጊዜ መካከለኛ መጠን ያላቸው መኪኖቹ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠምላቸው ደንብ አውጥቶ ነበር። ጆን ዴሎሪያን የተባለው የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስና ባልደረቦቹ ግን ደንቡ የሚከለክለው መኪና ነው እንጂ ተጨማሪ ዕቃ አይደለም የሚል ትርጓሜ አገኙለትና፣ ቴምፔስት በሚባለው ጨዋ መኪና ላይ ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር አስገብተው፣ ነገሩን ልክ እንደ ሬዲዮ ገዢው ከፈለገ የሚያዝዘው አማራጭ ብለው አቀረቡት። «ድግስ የለም፣ ትንሽ ምሳ ነው» እያለ ሦስት መቶ ሰው የሚጠራ ቤተሰብ አሠራሩን በደንብ ያውቀዋል። አምስት ሺህ ያህል ቢሸጥ ተብሎ የታሰበው በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ፤ ትርፍ ያመጣን ጥፋተኛ ደግሞ የሚቀጣ አለቃ በየትም አገር አይገኝም።

የፓርኪንግ ሠራተኛው የፎርድ ሙስታንግ ይሁን አለ። ምክንያት ሲጠየቅ «በቃ ሙስታንግ ነዋ!» ከማለት በቀር አልጨመረም። ሙስታንግ ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ በ2,368 ዶላር ዋጋ ብቅ ሲል አሜሪካኖችም የሰጡት ምክንያት ከዚህ ብዙም የተሻለ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሃያ ሁለት ሺህ ያህል ትእዛዝ ጎረፈ። መካኒኩ ግን እዚያው ተቃወመ፤ ሙስታንግ የሚመደበው «ፖኒ» ከሚባሉት ዘንድ ነው፣ ውርንጭላ እንጂ ጡንቻማ አይደለም አለ። ይህ ክርክር በአሜሪካም ስልሳ ዓመት ሙሉ እልባት ያላገኘ መሆኑን ስለማውቅ ጣልቃ አልገባሁም። ከዚያም በላይ አረንጓዴው የ1968 ሙስታንግ «ተይዟል»። ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተባለው ፊልም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የነዳው መኪና በጥር 2020 በጨረታ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ የእኔ ጡረተኛ ያንን ይዞ ቢመጣ አንባቢ ከየት ሰረቀው ማለቱ አይቀርም። በነገራችን ላይ በዚያው ፊልም ከሙስታንጉ ጋር የሚሳደደው ጥቁር ዶጅ ቻርጀር አራት ጎማ ይዞ ከአራት በላይ የጎማ ክዳን ያራግፋል። በድርሰቴ ውስጥ ስህተት ስትገኝብኝ የምጽናናው በእሱ ነው።

«እንግዲያው የሼቭሮሌው ሼቬል ይሁን» አለ መካኒኩ። «የ1970 ሼቬል፣ ባለ 454።» ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ፤ ይህ ሰው ስለ ሚስቱ ሲናገር እንዲህ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። 454 ኪዩቢክ ኢንች ማለት 7.4 ሊትር ሲሆን፣ ከታች እንደቆሙት ያሉ የአራት ኮሮላዎች ሞተር ቢደመር የሚሆነውን ያህል ነው፤ ኤል ኤስ 6 የሚባለው ዓይነት ደግሞ በፋብሪካው ወረቀት 450 የፈረስ ጉልበት ተጽፎለታል። ይህ ሁሉ ጉልበት በብዙዎቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ላይ፣ ገዢው ካልጨመረበት በቀር፣ የሚቆመው በአራት ከበሮ ፍሬን ነበር። «እንዴት ይቆማል?» ብዬ ብጠይቀው፣ ማስል ካር የሚገዛ ሰው ለመቆም አይገዛም ብሎ መለሰልኝ።

በዚህ መሀል የእትዬ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ የ1970 ፕሊማውዝ ሱፐርበርድን ሥዕል አሳየን። ከፊቱ እንደ ሽመላ አፍንጫ የሾለ፣ ከኋላው ከጣሪያው ከፍ ብሎ የቆመ የአሉሚኒየም ክንፍ የተተከለበት መኪና ነው፤ የናስካር ውድድር ደንብ ለሕዝብ የሚሸጥ መኪና ካልሆነ አይወዳደርም ስላለ፣ 1,900 ያህል ተሠርቶ በየሻጩ በር ላይ ተደረደረ። ገዢ ግን ተሸማቀቀ። ክንፉን ነቅለው፣ አፍንጫውን ቀይረው፣ እንደ ተራ መኪና የሸጡት ሻጮች እንኳ ነበሩ፤ ዛሬ ያንን ሲያስቡ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አይመስለኝም። እትዬ ሥዕሉን አተኩረው አዩና «ይቺ ልብስ ማስጫዋ ግን ጥሩ ናት» አሉ።

የአክስቴ ልጅ ስለ ሞተር አንድም ቃል አልተናገረችም። የጠየቀችው ቀለሙን ነበር፤ የዶጅና የፕሊማውዝ ባለቤት ክራይስለር በ1970 ለቀለሞቹ ያወጣላቸውን ስም ስነግራት፣ በተለይ «ፕለም ክሬዚ» የሚባለውን፣ ፕለም ያሳበደው የሚመስለውን ሐምራዊ ስትሰማ፣ ጉዳዩ በእሷ በኩል ተዘጋ። ከዚያ ግን የነርስነቷ ነገር መጣና «ስንት በር አለው?» አለች።

«ሁለት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለት በር ብቻ ያለው መኪና ለቅሶ የሚሄደው እንዴት ነው? ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አራት ሻንጣ ይዛ የምትመጣ አክስትስ በየት በኩል ትገባለች? እትዬ ባለታሪኬ ዘመድ እንደሌለው ሲነገራቸው አዘኑለት፤ ውሻ እንዳለው ሲሰሙ ደግሞ ሐዘናቸው በረታ። ያም ሆኖ ሁለት በር ይበቃዋል የሚል ውሳኔ ላይ የደረስነው ጋሼ «በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን እኔም እቃወም ነበር» ካሉ በኋላ ነው።

ያን ቀን ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ሰውየው ወተቷን ሳያይ ለሰፈሩ ሁሉ እንደሚያድል አይነግረንም። ለአሥር ሳንቲም ድልድይ የሚሻገሩት ሰዎች በአንድ ጋሎን አሥር ማይል የሚሄድ መኪና ለሌላ ሰው ሲመርጡ ፊታቸው በራ። «ጋሎን በጋሎን ይጠጣ እንጂ ምን ቸገረው!» አለኝ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ባለፈው ሳምንት ሞተሩን ሳላጠፋ አምስት ደቂቃ ጠብቄው ተቆጥቶኝ የነበረው ሰው። ባለታሪኬ የሚከፍለው ቤንዚን የማንም አይደለም፤ የኢንሹራንስ ደብዳቤው የማንም ፖስታ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጋሼም የመረጡት ለዲትሮይቱ ጡረተኛ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኋላ ወንበሩን ለሌላ ሰው ሲሸጡ የኖሩ ሰው፣ ለኋላ ወንበሩ በር የሌለው መኪና መርጠዋል።

ምርጫው ወደ ጋብቻ ሽምግልና የተለወጠውም ወዲያው ነው። መካኒኩ መኪናው «ቁጥሩ የሚገጥም» መሆን አለበት አለ፤ ማለትም ሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር ተመሳክሮ፣ ያ ሞተር ከዚያ መኪና ጋር ከፋብሪካ አብሮ መውጣቱ መረጋገጥ አለበት። ሰብሳቢዎቹ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ካርቡራተሩንና ካምቢዮውን ሳይቀር ያጣራሉ፤ በክራይስለር መኪኖችማ ኮፈኑ ሥር የተመታች ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ በላይዋ ላይ ቀለሙም ሞተሩም በምስጢር ቁጥር ተጽፏል፣ እሷን የማንበብ ሙያ ያላቸው ሰዎችም አሉ። «እስከ ሰባት ቤት ነው የሚቆጠረው?» አሉ እትዬ፣ በቁም ነገር።

ስለ ሮድ ራነር ማውራት የጀመርኩት ጸቡን ለማብረድ ነው። ፕሊማውዝ ይህን መኪና በ1968 ሲያወጣ ሐሳቡ ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት የሚገዛው ጉልበተኛ መኪና ይሁን የሚል ነበር፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ሳይቀር ቀርቶ ጎማ ተነጠፈበት፣ መነሻ ዋጋውም 2,896 ዶላር ሆነ። ታዲያ ምንጣፍ የነሣው ኩባንያ በካርቱን የምናውቃትን የሯጭ ወፍ ስምና ምስል ለመጠቀም ለዋርነር ብራዘርስ ሃምሳ ሺህ ዶላር ከፈለ፤ ክላክሱም እንደ ወፏ «ቢፕ ቢፕ» እንዲል ተደርጎ ተሠራ። ወለሉ ባዶ የሆነ ቤት ለሠርጉ ቪዲዮ የሚከፍለውን ለምናውቅ ይህ ምንም አይገርምም። የፓርኪንግ ሠራተኛው ክላክሱን በአፉ ሞከረው፤ የእትዬ ልጅ ከቤት ወጣ።

ጋሼ ወደ መጨረሻው የዘመኑን ፍጻሜ አነሱ። ለጎረምሳ ነጂ የሚጠየቀው ኢንሹራንስ ሰማይ ነካ፣ የአየር ብክለት ሕግ መጣ፣ በ1972 ደግሞ ፋብሪካዎቹ የፈረስ ጉልበት የሚለኩበትን መንገድ ለወጡ። ቀደም ሲል ሞተሩ ማርሚታ ሳይታሰርለት፣ ምንም ሳይሸከም ራቁቱን ነበር የሚለካው፤ ከዚያ በኋላ ግን በመኪናው ላይ እንዳለ፣ ሸክሙን ሁሉ ይዞ ይለካ ጀመር። በ1971 ሼቬል ውስጥ 365 ተብሎ የተጻፈው 454 በሚቀጥለው ዓመት 270 ሆኖ ቁጭ አለ። ለአገር ቤት ዘመድ የሚነገረው ደመወዝና ከታክስ በኋላ ባንክ የሚገባው ደመወዝ ማለት ነው፤ በቤቱ ውስጥ ማብራሪያ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በጥቅምት 1973 ደግሞ የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ መጣ። እዚህ የቀሩት ጡንቻማዎች በማደያ ሰልፍ ላይ ሲያልቁ፣ አገር ቤት በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ስለ ጨመረ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። ጋሼ ያኔ ተማሪ ነበሩ። «ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በእግሬ ወርጃለሁ» አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም «ለካ ነዳጁን የጨረሰብኝ ያ ጂ ቲ ኦ ነው» አሉ። ምርጫቸውን ግን አልለወጡም።

እኔ ማታ ቤቴ ተቀምጬ የወሰንኩት ለብቻዬ ነው። ባለታሪኬ በር ገጣሚ ነበር፣ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ነበር፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለውም ራሱ ነበር፤ ስለዚህ የ1970 ዶጅ ቻሌንጀር ሰጠሁት። ቻሌንጀር የሚሠራው እዚያው ሃምትራምክ ስለነበር፣ የሚነዳውን መኪና በር በገዛ እጁ ገጥሞት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሐሳብ ወደድኩት። ቀለሙን ለአክስቴ ልጅ ስል ፕለም ክሬዚ አደረግሁት። ሞተሩ ግን ወደ ጎኑ ዘመም ብሎ የተቀመጠው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ 225 ኪዩቢክ ኢንች፣ 145 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዕድሜ ልክ የማይሞተው ነው። ከላይ ሲያዩት ያስፈራል፤ ከታች ገበያ ያመላልሳል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው አቅሙ የደረሰው እዚህ ድረስ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስነግራቸው መካኒኩ አንድ ስኒ ጠጥቶ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። የፓርኪንግ ሠራተኛው ሰውዬውን በአደባባይ አዋረድከው አለኝ። ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እሺ ይሁን፤ ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ» አሉ። «በመጽሐፉ ውስጥ ማንም ሰው ኮፈኑን እንዳይከፍት።»

ቃል ገባሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ዲትሮይት ነሐሴ ሆኗል፤ በዉድዋርድ ጎዳና የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ የሚደረግበት ቅዳሜ ነው። እስከ ዓይን ማየት ድረስ የተደረደሩት መኪኖች ሁሉ እንደ ደንቡ ኮፈናቸውን ከፍተው ሞተራቸውን ያሳያሉ፤ ባለታሪኬ ብቻ ሐምራዊውን ቻሌንጀር ዘግቶ፣ ውሻውን ይዞ በታጣፊ ወንበር ተቀምጧል። አንድ ትንሽ ልጅ የአባቱን እጅ እየጎተተ ወደ እሱ በመምጣት ላይ ነው።