አንገትህን አዙር

አስራ አንድ ዓመት ሞተር ነድቻለሁ። ሐዋሳ፣ ይርጋለም፣ ዲላ፣ ሻሸመኔ፤ ክረምት በጭቃ፣ በጋ በአቧራ። እና አንድ ቅዳሜ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ውስጥ የልጄ እኩያ የሆነ የሞተር አሰልጣኝ "ዛሬ ወረቀቱን አልሰጥህም፣ ሌላ ቀን ተመለስ" ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ እስቲ ገምቱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ለመኖር ስትመጣ የኛ መንጃ ፍቃድ የሚያገለግልህ 12 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከዜሮ ትነሳለህ። የሞተር መጀመሪያው ደግሞ ሲቢቲ የሚሉት የአንድ ቀን ስልጠና ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1990 ጀምሮ ግዴታ የሆነ። ፈተና አይደለም፣ መውደቅ የሚባል ነገር የለም ይሉሃል። አሰልጣኙ ካላመነብህ ብቻ ወረቀቱን አይሰጥህም። እንግዲህ መውደቅ በሌለበት የወደቅኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ሁሉም አማን ነበር። በ20 ሜትር ርቀት የመኪና ታርጋ አንብብ አሉኝ፣ አነበብኩ። የሄልሜቴን ማሰሪያ ጎተት ጎተት አድርጎ አየና፣ አንዴ በኃይል የወደቀ ሄልሜት ይጣላል አለኝ። ውስጡ ያለው ፎም የሚጨፈለቀው አንዴ ነው፣ ሁለተኛ አያድንም። አገር ቤት የነበረኝ ሄልሜት ትዝ አለኝ። ከእኔ በፊት ሶስት ባለቤት ነበረው፣ በጣት ስትመታው እንደ ደረቅ ቅል ይጮህ ነበር። ዝም አልኩ።

ግቢው ውስጥ ስምንት ቁጥር ስራ ሲለኝማ በደስታ ሰራሁለት። ጭቃ ላይ ሞተር የነዳ ሰው በፍሪሲዮንና በኋላ ፍሬን በዝግታ መሄድ ይቸግረዋል እንዴ! "ባላንስህ ጥሩ ነው" አለኝ። በልቤ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ መንገድ ወጣን። ቢያንስ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ መንዳት ግዴታ ነው። እሱ ከኋላዬ፣ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ በሬዲዮ። "አንገትህን አዙር።" ስነሳ፣ አንገትህን አዙር። የቆመ መኪና ዞሬ ላልፍ ስል፣ አንገትህን አዙር። ልታጠፍ ስል፣ ፍሬቻ አሳይቼ፣ ስፖኪዮ አይቼ፣ አሁንም አንገትህን አዙር። ስፖኪዮ የማያሳይህ ቦታ አለ፣ ትከሻህ ጋ፣ አንድ መኪና ሙሉ የሚደበቅበት። ከመታጠፍህ በፊት ወደዚያ የምትጥላትን የመጨረሻ እይታ ነፍስ አድን ነው የሚሏት። እኔ ደግሞ ያደግኩት በክላክስ ነው። እኛ ጋ ሞተረኛ ወደፊት ያያል፣ መምጣቱን በክላክስ ያሳውቃል። የኋላውን ከኋላ ያለው ይጨነቅበት!

አንድ ሰዓት ከምናምን ስንሄድ ወደ ቀኝ እንድታጠፍ ነገረኝ። እዚህ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ቀኝ መታጠፍ ማለት መንገዱን ማቋረጥ ነው። ፍሬቻ አሳየሁ፣ ስፖኪዮ አየሁ፣ ገባሁ። ትከሻዬ ጋ አንድ ነጭ ቫን ሊቀድመኝ ጀምሮ ነበር። የጎማው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሬዲዮው ለትንሽ ጊዜ ፀጥ አለና "ዳር ያዝና አቁም" አለኝ።

ሊጮህብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ "ማንም አላየህም ብለህ ንዳ" አለኝ። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ሾፌር አይኑ የሚፈልገው መኪና የሚያክል ነገር ነው። ሞተር ቀጭን ነው፣ ከፊት መስታወቱ ጎን ያለችው ምሰሶ ብቻዋን ትሸፍነዋለች። ስለዚህ ወደ አንተ ዞሮ፣ ፊትህን አይቶ፣ ከዚያም ይገባብሃል። እዚህ አገር ሞተረኞች ለዚህ ቀልድ አላቸው። ሾፌሩ ከገጨህ በኋላ የሚላት "ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁህም" የምትባል ነገር አለች። ቀልድ ይሏታል፣ እኔን ግን አላሳቀችኝም።

አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ የተናደድኩት በልጁ ነበር። ሰፈሬ ስደርስ ንዴቱ ወደ አገር ቤት ዞረ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳን አንገትህን አዙር ብሎኝ አያውቅም! የሚነገረኝ "አይዞህ ትደፍረዋለህ" ነበር። መንዳት ማለት ድፍረት ነው። ሄልሜቱ ደግሞ ክርን ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ክርናችን ከጭንቅላታችን ይበልጥ የከበረ ይመስል። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትራፊኩ ሲታለፍ ወደ ክርን ይመለሳል። የተፈናጠጠው ሰውዬ ጭራሽ የለውም። ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ብለው ተመራማሪዎች አስልተዋል። ክርን ላይ የተንጠለጠለውን ማንም አላሰላውም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን የከለከለች ጊዜ እንኳን የወሬው ሁሉ ርዕስ በሞተር የሚደረገው ነጠቃ ነበር። ስለ ነጂው ጭንቅላት ያነሳ ሰው አላስታውስም።

እርግጥ ነው፣ ያንን ልጅ ከሻሸመኔ ሐዋሳ ንዳ ብለው ጋሪው፣ ላሙ፣ ድንገት የሚቆመው ባጃጅና ዝናብ አስፋልቱ ላይ ያመጣው ጠጠር ምን እንደሚያደርጉት አያለሁ። እኛ እዚያ መንገዱ ላይ ምንም ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን። የማናውቀው ከኋላ ምን እንደሚመጣ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወረቀቱን አገኘሁ። ወረቀት ስል ደግሞ ምን እንደሆነች ስሙ። ሁለት ዓመት ብቻ ታገለግላለች፣ ሙሉ መንጃ ፍቃድ ካላወጣህ ስልጠናው እንደገና ነው። ከ125 ሲሲ በላይ የለም፣ ሀይዌይ የለም፣ ማፈናጠጥ የለም። ከፊትና ከኋላ የጀማሪ ምልክት የሆነውን ቀይ ኤል ለጥፈህ ነው የምትሄደው፣ በዚህ እድሜዬ! ኢንሹራንሱ ከሞተሩ ይበልጣል። ብርዱስ፣ ጣት ፍሬን መያዙን አይሰማውም እኮ። አንገቴ ደግሞ ለምዶበት ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪ ስገፋ ሁሉ ከመታጠፌ በፊት ትከሻዬን አያለሁ። ባለቤቴ አብራኝ መግባት ትታለች።

ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ በሞተር ሊወስደኝ መጣ፣ ሄልሜቱ እንደተለመደው ክርኑ ላይ። አውልቄ ጭንቅላቱ ላይ አሰርኩለት።

"ለኔስ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ አንተ እንግዳ ነህ፣ ማን ይይዝሃል?"

በእግር እንሂድ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ተፈናጠጥኩ። አቶቴ ጋ ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ የለ፣ ስፖኪዮውም አንዱ የለም። አላስቻለኝም፣ "አንገትህን አዙር!" ብዬ ጮህኩ።

እጀታውን እንደያዘ ወገቡ ድረስ ወደኔ ዞረና፣ "አቤት ጋሼ?" አለኝ። ከፊታችን አንድ ባጃጅ ሰው ሊጭን ቆሟል።