ቃሊቲ መንገድ ዳር የቀረችው ቮልስዋገን

በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ደራሲው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ በደብረ ዘይት መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ፣ መቃብሩ እንኳ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

“ወንጀሉ” ግን ይታወቃል፤ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። የሚገርመው ሰውዬው ሸማቂ አልነበረም። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ፣ ደርግ በኤርትራ ሸማቂዎች ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ሄዶ በፕሮፓጋንዳው ሥራ የተሰለፈ፣ የደርግ የራሱ ሰው ነበር። ያየውን ጻፈ። አለቆቹ በልብ ወለዱ ውስጥ መልካቸውን ሲያዩት ደነበሩ፤ መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። ከለቀማው የተረፈው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አገሩ ሁሉ ያነበበው ከታገደ በኋላ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ደርግን መውቀስ ዛሬ ምንም አያስከፍልም። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ኢሕአዴግ ሲመጣ ሳንሱር በሕገ መንግሥት ቀረ፤ በምትኩ የክስ መዝገብ ተከፈተ። የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፤ ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ነው ብለው ራሳቸውን ዞን ዘጠኝ ያሉት ወጣቶች በሚያዝያ 2006 ታሰሩ፤ ስድስት የኢንተርኔት ጸሐፊዎች (ብሎገሮች)፣ ሦስት ጋዜጠኞች። የኢንተርኔት መልእክትን ከሰላይ ዓይን የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር በሽብር ክሱ ውስጥ ገባ። የአምስቱ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ ቀሪዎቹ አራቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ዓመት ከመንፈቁን ማን ይመልስላቸው?

ፍርድ ቤት ደጅ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፖሊስ “ምርመራዬን አልጨረስኩም” ይላል፣ 14 ቀን ይጨመርለታል። እናት ስንቋን በፌስታል እንደያዘች “ችሎቱ ጠባብ ነው” ተብላ በር ላይ ትቀራለች፤ ልጇን የምታየው ከመኪና ሲወርድ ነው፣ ያውም ጀርባውን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና። ቅጣቱ ቀጠሮው ራሱ ነው፤ ፍርዱ ቢመጣም ባይመጣም ሰውየው ተቀጥቷል።

“አሁንማ ሕጉ ተሻሽሏል” የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ያ የሽብር አዋጅ በ2012 በሌላ ተተክቷል። ግን በ2015 መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተያዙ ጋዜጠኞች አፋር ወዳለው አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተወስደው፣ በዚያ ሐሩር፣ ያለ ክስ ለወራት ተቀምጠዋል። መዝገቡም ቀርቶ ወደ 1976 ተመለስን ማለት አይደለም ወይ?

ኦሮማይ በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ታትሟል። የውጭ አንባቢ የመጨረሻውን ገጽ ዘግቶ “ደራሲውስ?” ቢል የምንመልስለት የለንም። የቀይ ሽብሩ ችሎት ዓመታት ፈጅቶ የደርግ ባለሥልጣናት ተፈርዶባቸዋል፤ የበዓሉ ጉዳይ ግን እንደተዳፈነ ቀረ። በሕይወት ያሉ የዚያ ዘመን ሹሞች አሉ፣ በመንግሥት እጅ ያለ ሰነድም አለ። ይከፈት። ከትልቁ ጥያቄ በፊት ከትንሿ ይጀመር፤ ያቺን ቮልስዋገን ነድቶ ቃሊቲ ያቆማት ማነው?