እጅ ከማውጣት በፊት አፍ ይከፈት

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ቁጣዬ ወረዳው ላይ አይደለም። እናንተው ላይ ነው።

የቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ «ለዚህ ሥራ በአባወራ ይህን ያህል ብር ይዋጣ» ሲባል እጃችሁን ታወጣላችሁ። ከአዳራሹ ወጥታችሁ ገና መንገድ ሳትጀምሩ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ትላላችሁ። ጠላ ቤት ገብታችሁ ሊቀመንበሩን ታሙታላችሁ። ዓመት ሙሉ ታሙታላችሁ። ያን ቀን እጃችሁን ይዞ ያነሳላችሁ ሰው ግን አልነበረም።

የስብሰባውን አካሄድ ታውቁታላችሁ። ሦስት ሰዓት ተብሎ አምስት ሰዓት ይጀመራል። መክፈቻው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ትባላለች። (ይህቺ ተረት ስትነገር ኪሳችሁን ዳሰስ አድርጉ።) ስለ ግብር ይወራል፣ ስለ ማዳበሪያ ይወራል፣ ስለ ጸጥታ ይወራል። ሰው ይደክመዋል፤ ልቡ ሜዳ ላይ ከተወው ከብት ጋር ነው። ገንዘቡ የሚነሳው ያኔ ነው፣ ማለቂያው ላይ። ዕቅዱ ወረቀት ላይ አልቆ፣ ድርሻው ተካፍሎ ይመጣል። «የሚደግፍ? የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ?» ይባላል። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ፊርማ ይዞራል። ለመገኘታችሁ ይሁን ለመስማማታችሁ ርዕሱን ያነበበ የለም። አንብቡት እንጂ! ከላይ ባዶ የሆነ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

ሰብሳቢው ሁልጊዜ ተንኮለኛ ነው አልልም። እሱም ከላይ ሪፖርት ይጠበቅበታል፤ እሱም ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ዝም የሚለው ሰው ሥራውን ያቀልለታል፣ ያ ብቻ ነው።

እድር ላይ ግን ሌላ ሰው ናችሁ። አንድ ሳህን ጎደለ ብላችሁ እስኪመሽ ትከራከራላችሁ። ገንዘብ ያዡን «ደብተሩን ገልጠህ አሳየን» ትሉታላችሁ። ዳኛው ካልጣማችሁ ታወርዱታላችሁ። ያው ሰው፣ ያው ምላስ፣ ቀበሌ አዳራሽ ሲገባ ምን ይነካዋል? እድሩ የእኔ ነው፣ የቀበሌው የመንግሥት ነው ብላችሁ ስለምታስቡ ነው። የምታዋጡት ብር ግን የወጣው ከዚያው ኪስ ነው። አንዳንዴም የቀበሌው ይበልጣል።

መናገር የሚያስፈራበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ቀበሌ ስብሰባ መቀመጥ ራሱ ከባድ ነበር። በዚያ ጊዜ ዝም ያለውን አልወቅስም። የምወቅሰው ስለ አሸዋ ዋጋ፣ ስለ ቆርቆሮ ብዛት መጠየቅ እየቻለ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ነው። የአሸዋ ዋጋ መጠየቅ ማንንም ከማንም ጋር አያጣላም። «ባለፈው ዓመት የሰበሰባችሁት የት ደረሰ? ደረሰኙ የታለ?» ማለትም ፖለቲካ አይደለም።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር ልግባ። የጎጥ ነገር።

አንድ ቀበሌ ውስጥ አምስት ጎጥ አለ እንበል። የተገኘው ገንዘብ አንድ ምንጭ አጎልብቶ አንድ ቦኖ ለማቆም ይበቃል። የላይኛው ጎጥ «ለእኛ ካልሆነ አናዋጣም» ይላል። የታችኛው «ባለፈውም እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁት» ይላል። ድምፅ ከፍ ከፍ ይላል። በመጨረሻ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ይነሱና «እንግዲህ ፍቅር እንዳይጠፋ እኩል ይካፈል» ይላሉ። ይጨበጨባል። ለአንዱ ጎጥ አሸዋ ይደርሳል፣ ለአንዱ ድንጋይ፣ ለአንዱ ጥቂት ቆርቆሮ። ሁለት ክረምት ሲያልፍ አሸዋውን ጎርፍ ወስዶታል፤ ቆርቆሮው የማን ቤት ላይ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ውሃ የለም። ፍቅሩም የለም።

አባቶቼ፣ ማስታረቅ ታላቅ ሥራ ነው። ግን እርቅ ለደምና ለድንበር ነው እንጂ ለሲሚንቶ አይሆንም። ሲሚንቶ አምስት ቦታ ሲከፈል ምንም አይቆምም። የሚያስፈልገው ተራ ነው። መጀመሪያ ለውሃ በጣም ሩቅ የሚሄደው የትኛው ጎጥ ነው? ይለካ፤ በእግር ሄዶ መለካት ይቻላል። ዘንድሮ የእሱ ይሠራ። የሚቀጥለው ማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ቅጂው በየጎጡ ይቀመጥ። ተራው የሚቀየር ከሆነ በጉባኤ እንጂ በአንድ ሰው ቢሮ አይቀየር። አንጀቱ እያረረ ተራውን የሚጠብቅ ጎጥ ይኖራል። ተራው ተጽፎ እጁ ላይ ካለ ግን ይጠብቃል።

ይቻላል ወይ ለሚል መንዝን ላስታውሰው። ጓሳን የማያውቅ የለም። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ የደጋ ሜዳ ነው፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድረው ኖሯል። (የቅርቡን የፖለቲካ ስም ማለቴ አይደለም።) የአካባቢው ቀደምት አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘር የሆኑ ባለ ርስቶች አለቃቸውን ይመርጡ ነበር። ጓሳው መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት ተመክሮ ይወሰን ነበር። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ተከታትሎ ይዘጋ ነበር። ለቤት ክዳን የሚሆነው ሳር ዓይኑ ሥር እያለ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው አያጭድም ነበር፤ ይጠብቅ ነበር። ይጠብቅ የነበረው ጎረቤቱም እንደማያጭድ ስለሚያውቅ ነው።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ቆይቶ ሕዝቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። ጓሳ ዛሬም አለ፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም አለ። የድሮው እንከን አልነበረውም አልልም። ርስት የሌለው ሰው ድርሻ አልነበረውም፤ ያ እንዲመለስ የሚመኝ ካለ ከእኔ አይጠብቅ። እኔ የምቀናው ውሳኔው ለሁሉም የታወቀ፣ አለቃውም ከተጠቃሚው የተመረጠ በመሆኑ ነው። የመንዝ ሰው ለሳር ይህን ያህል ከተጨነቀ እናንተ ለትምህርት ቤት ምነው ሰነፋችሁ?

ደግሞ ስለ ውሃ የምትወስኑት ውሃ የማትቀዱት ናችሁ። በእኛ ደጋ ስብሰባ የሚጠራው ባብዛኛው መሬት በማይታረስበት ቀን ነው። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም። ለወንዱ ይመቸዋል። ሴቷ ግን በዚያ ቀን ዝክር ካለ ጓዳ ናት፤ ከመጣችም መጨረሻ ላይ መጥታ በሩ ሥር ትቆማለች። ቦኖው የት ይቁም ሲባል አጨብጭበን እኛ እንመርጣለን፣ ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው እሷ ናት። ቀወትና ኤፍራታ ያላችሁ ደግሞ ዓርብ ቀን ስብሰባ ጠርታችሁ «ሙስሊሙ አልተገኘም» አትበሉ። ጁምዓ መሆኑን ሳታውቁ ቀርታችሁ ነው?

በክልላችን በውሃ ሥራ የተሞከረ ጥሩ አሠራር አለ። በፊንላንድ ድጋፍ አማራ ክልል ላይ ተጀምሮ፣ በኋላ ኮዋሽ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄዷል። ተጠቃሚው ኮሚቴ መርጦ ያመለክታል። ወረዳው ሲያጸድቅለት ገንዘቡ በገንዘብ ተቋም በኩል ለኮሚቴው ይደርሳል። ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ዕቃ የሚገዛው ኮሚቴው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ለጥገና የሚሆን ብር ቀድሞ ያስቀምጣል። እናንተ ስብሰባ ላይ የማትጠይቁት ይህንን ነው። ሲመረቅ በሬ ይታረዳል፣ ሪባን ይቆረጣል። የእጅ ፓምፑ ጎማ በሚያልቅበት ቀን ማን ይገዛል? ጤና ኬላው ከተሠራ ባለሙያዋ የት ታድራለች? ለዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ ገና አላለቀም፤ «ይዘህ ተመለስ» በሉት። ያሳፍራል ብላችሁ ነው እንጂ ከባድ ቃል አይደለም።

አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁ ተወላጆች፣ እናንተም አታመልጡም። ሆቴል አዳራሽ ተሰብስባችሁ፣ ለተወለዳችሁበት ቀበሌ ምን እንደሚያስፈልገው ትወስኑለታላችሁ። ልባችሁ ጥሩ ነው፤ ማንም አይክድም። ግን ስም የሚጻፍበት እብነ በረድ ከመሠረቱ ቀድሞ ይታዘዛል። አንዱ ሚሊዮን ሰጠ ተብሎ ይጨበጨባል፣ ሥራውም አንዱ የፈለገው ይሆናል። ከመወሰናችሁ በፊት ወደ ቀበሌው ደውሉ። ለአጎታችሁ ልጅ ሳይሆን ለኮሚቴው። በጽሑፍ የጠየቁት ነገር ካለ አስልኩት። የመጀመሪያው ብር ደረሰኝ ሳይመጣ ሁለተኛውን አትላኩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ጊዜው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክልሉ ለወረዳ በጀት በጥቅል ይሰጣል፣ ወረዳው ይደለድላል። አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ነው ወደ እናንተ ኪስና ጉልበት የሚመጣው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የወረዳው ምክር ቤት የሚያጸድቀውም በዚያው ሰሞን ነው። እናንተ «የእኛስ መንገድ?» የምትሉት መስከረም ላይ፣ አደይ ካበበ በኋላ። ያኔ ብሩ ተደልድሏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 አካባቢያችሁን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። ጠያቂው እስኪመጣ ግን ቁጭ አትበሉ። ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠናና እርሻው ሳይበረታ፣ የመረጣችሁትን የወረዳ ምክር ቤት አባል ጥሩት። ገንዘቡ የመጀመሪያ አጀንዳ ይሁን። የምትፈልጉትን፣ ለስንት እንደሚሠራና ተራው የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ስጡት። ቅጂው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ፤ ቅጂውን እናንተ ያዙት።