ማስተካከያ፦ በአውሮፓ ወንዞች ስለሚለቀቁ የኢል ጫጩቶች

እባብ መሰሉን ዓሣ ኢልን ለመታደግ በአውሮፓ ወንዞች የሚለቀቁት ጫጩቶች በእርባታ ጣቢያ የተፈለፈሉ እንደሆኑ፣ የአውሮፓ ኅብረትም አጥማጆች ከያዙት 40 በመቶውን እንዲመልሱ እንደሚያስገድድ ቀደም ሲል የቀረበው መረጃ በሁለቱም ነጥቦች ላይ እንደሚከተለው ይስተካከላል።

የአውሮፓ ኢል በወንዝ ውስጥ አይራባም። ለዓመታት በወንዝና በሐይቅ ካደገ በኋላ ቆዳው ብርማ ይሆናል፣ ዓይኑ ይተልቃል፣ ምግብ መውሰድም ያቆማል፤ ከዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ለመራባት በምዕራብ አትላንቲክ ወደሚገኘው የሳርጋሶ ባሕር ያቀናል። ይህን የሕይወት ዑደት በእርባታ ጣቢያ በበቂ መጠን መድገም እስካሁን አልተቻለም። ስለዚህ የሚለቀቁት ጫጩቶች በወንዞች መግቢያ ላይ የሚጠመዱ፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ፣ ገላቸው እንደ መስታወት አሳልፎ የሚያሳይ የዱር ጫጩቶች ናቸው። ሥራው፣ በትክክል ከተጠራ፣ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፤ በመንገድ ላይ የሚሞቱትም ጥቂት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኅብረቱ ደንብ 40 በመቶ ሲል፣ የሰው ተጽዕኖ ባይኖር ኖሮ ወደ ባሕር ይወርድ ከነበረው የጎለመሰ ኢል ክብደት ቢያንስ ይህን ያህሉ በሕይወት እንዲያልፍ ማለቱ ነው። አጥማጆችን በቀጥታ የሚመለከተው ድርሻ ሌላ ሲሆን፣ ከሚያዙት ውስጥ ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆኑት ኢሎች ቢያንስ 60 በመቶው በወንዞች መልሶ ለመልቀቅ እንዲውል ይጠይቃል። በ40 በመቶው ስሌት ግን በኃይል ማመንጫ ተርባይን የሚቆራረጠውም ዓሣ ይታሰባል።